ማርሳቢት ለአንድ ሌሊት ለሚያድር የጂማ ተጓዥ፦ ወዳጅ የማፍራት መመሪያ

ከጂማ ተነሥቶ በራሱ መኪና ወደ ናይሮቢ የሚወርድ ሰው፣ በጭዳና በተርጫ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ ቢወጣም ሆነ በአዲስ አበባ ቢዞር፣ ዞሮ ዞሮ ሞያሌ ላይ መሻገሩ አይቀርም። ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ ያለው መንገድ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ አስፋልቱ ከተጠናቀቀ ወዲህ በአንድ ቀን ጨርሰን እንገባለን የሚሉ ደፋሮች ቢኖሩም፣ አስተዋይ ሹፌር መሐል ላይ ያድራል። ለዚህ ማደሪያ የሚመቸው ከሞያሌ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በተራራ ላይ የሚገኘው የማርሳቢት ከተማ ነው።

ይህ መመሪያ የሚመለከተው መንገዱን ሳይሆን ያንን አንድ ምሽት ነው። አብዛኛው ተጓዥ ክፍሉን ተከራይቶና በሩን ዘግቶ ስልኩን ሲነካካ ያመሽና ማለዳ ይወጣል፤ ኬንያን አየሁ የሚለውም በመስኮት ያየውን ነው። የጂማ ሰው ግን ማርሳቢት ሲገባ ሌላው እንግዳ የሌለውን ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤ እነርሱም ኦሮምኛና ቡና ናቸው። ሁለቱን በየሰዓታቸው ማውጣት ከታወቀበት ወዳጅ ማፍራት የድፍረት ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። ዓይን አፋር የሆነ ሰውም ሊያደርገው ይችላል።

1. ከጂማ ሳይወጡ የሚደረግ ዝግጅት

ዝግጅቱ የሚጀምረው ሂርማታ ገበያ ላይ ነው። የተቆላና የተፈጨ የጂማ ቡና፣ በሩብ ወይም በግማሽ ኪሎ ታሽጎ የአዘጋጁ ስም የተጻፈበትን መርጠው ጥቂት ከረጢት ይግዙ። ጥሬ ቡና ይዘው ወደ ድንበር አይቅረቡ፤ የላኪነት ፈቃድ የሌለው ሰው ጥሬ ቡና ከአገር ማውጣት አይችልም። የተቆላውም ቢሆን የሚፈቀደው ለግል መጠቀሚያ የሚሆን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መጠኑን አስቀድመው ከጉምሩክ ጠይቀው በልኩ ይያዙ። ማር ይዤ ልሂድ የሚል ሐሳብ የጂማ ሰው ሁሉ ይመጣበታል፤ ነገር ግን ከሞያሌ ወዲያ ባለው ሙቀት ቀልጦ ሻንጣ ውስጥ ከፈሰሰ የሚተርፈው ጣጣ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጂማ በርጩማም እጅግ ያማረ ስጦታ ቢሆን ለመጀመሪያ ቀን ትውውቅ ይከብዳል፤ ተቀባዩን ውለታ ውስጥ የሚከት ስጦታ ወዳጅነቱን ከማፍጠን ይልቅ ሰውየውን ያሸማቅቀዋል።

ከቡናው ጋር አነስ ያለ ጀበና ከነማቶቱ፣ ስድስት ያህል ሲኒ እና ትንሽ ስኳር ይያዙ፤ ጀበናውን በጋቢ ይጠቅልሉት። ጋቢው ራሱ ያስፈልግዎታል። የዲዳ ገልገሉን ደረቅ ሜዳ በሙቀት አቋርጠው ማርሳቢት ሲወጡ ምሽቱ ጉምና ብርድ ሆኖ ሊጠብቅዎ ይችላል፤ ከብርድ ሸሽቶ ክፍሉ ውስጥ የተሸሸገ እንግዳ ደግሞ ከማንም ጋር አይተዋወቅም።

ስልክዎ ላይ ዋትስአፕ ይጫኑ። እኛ በቴሌግራም ውለን ብናድርም ኬንያውያን በብዛት የሚጻጻፉት በዋትስአፕ ነው፤ ይህንን ሳያዘጋጁ የሄዱ ሰዎች ቁጥር ተለዋውጠው ከተለያዩ በኋላ አንድም መልእክት ሳይላላኩ ይቀራሉ። የቤተሰብዎን፣ የቡና ማሳዎን እና ጅሬን ላይ የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፎቶግራፎች ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈቱ አድርገው ስልኩ ላይ ያስቀምጡ። ፓስፖርት፣ የመኪናው ሰነድ፣ ቢጫ ካርድ የሚባለው የኮሜሳ የመድን ዋስትና እና የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ያው የታወቁ ናቸው፤ የመግቢያ ፈቃዱን ደንብና የመንገዱን ደኅንነት ግን በሚነሡበት ሰሞን ይጠይቁ።

2. በብርሃን መድረስ እና ማደሪያን መምረጥ

የምሽቱ ዕጣ የሚወሰነው በመድረሻዎ ሰዓት ነው። ሞያሌ ላይ ሁለቱም አገሮች በጋራ በሚሠሩበት የድንበር ጣቢያ ጉዳይዎን ጨርሰው እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ከተነሡ፣ ኬንያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል በመሆኑ ቀስ ብለው ቢሄዱ እንኳ ከቀኑ 9 ወይም 10 ሰዓት ላይ ማርሳቢት ይደርሳሉ። ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ከሁለት ሰዓት በላይ ብርሃን ይተርፍዎታል ማለት ነው። ጨልሞ የደረሰ እንግዳ ከሰው ጋር ከመተዋወቅ ይልቅ ስለ ዕቃውና ስለ መኪናው ያስባል፤ የግቢው ሰዎችም በጥርጣሬ ያዩታል።

ማደሪያ ሲመርጡ ከክፍሉ በፊት ግቢውን ይመልከቱ። በሩ የሚዘጋ፣ መኪና ውስጥ የሚያሳድር፣ ክፍሎቹ ወደ አንድ የጋራ ግቢ የሚከፈቱ እና እራት እዚያው የሚበሰልበት ቤት ይምረጡ። ባለ ፎቅ ሆቴል አልጋው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ኮሪደር ላይ ግን ማንም ወዳጅ አያፈራም። ብቻቸውን ወይም ከልጆች ጋር የሚጓዙ ሴቶች ባለቤትየዋ ራሷ የምትውልበትንና ወጥ ቤት ውስጥ ሴቶች የሚሠሩበትን ቤት ቢመርጡ ለደኅንነታቸውም ለጨዋታውም ይበጃል።

3. ከዘበኛውና ከወጥ ቤቱ መጀመር

ዕቃዎን ካስገቡ በኋላ በፍጥነት ወደ ክፍል አይግቡ። መጀመሪያ የሚተዋወቁት ሰው ዘበኛው ነው፤ እዚያ አስካሪ ይሉታል። አስካሪው በግቢው ማን እንዳለ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ የትኛው እንግዳ ጨዋታ እንደሚወድ ያውቃል፤ እርሱ የተቀበለውን ሰው ሌላው አይጠራጠረውም። በስዋሂሊ «ሀባሪ» ይበሉት፤ «ንዙሪ» ብሎ ይመልሳል። ቀጥሎ ዕድልዎን በኦሮምኛ ይሞክሩ። በማርሳቢት ቦረናዎችና ገብራዎች በብዛት ስለሚኖሩ «ነጋ ጅርቱ?» ማለትዎ ብቻውን ሰውየውን ከወንበሩ ሊያስነሣው ይችላል።

እዚህ ላይ የጂማ ሰው የሚቸኩልበት ቦታ አለ። የቦረና ሰላምታ ረጅም ነው፤ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አገር ሰላም እየተጠያየቁ ይዘልቃል፤ መሐል ላይ አቋርጦ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ነው። የጂማና የቦረና አነጋገር ይለያያል፤ አንዳንዱ ቃል አይገጥምም። ሲያልፍዎ እንደገባዎ ከመምሰል ይልቅ መልሰው ይጠይቁ፤ በአነጋገሩ ልዩነት አብሮ መሳቅ ራሱ ግማሽ ትውውቅ ነው። ሁሉም ሰው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው ብለው ግን አይገምቱ። በከተማው ሬንዲሌዎች፣ ሶማሌዎች እና ከሌላ የኬንያ ክፍል ለሥራ የመጡ ሰዎች አሉና ከስዋሂሊው ሰላምታ መጀመሩ ሁሉንም ያማክላል።

ከዘበኛው ቀጥሎ ወጥ ቤት ነው። ትንሽ ነገር ይጠይቁ፤ ፍል ውኃ፣ ክብሪት፣ መክተፊያ። ገንዘብ የሚያወጣ ነገር አይጠይቁ። ትንሽ የረዳዎት ሰው ስለ እርስዎ ማሰብ ይጀምራል፤ «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣውም ያኔ ነው። «ከጂማ» ብለው ብቻ አይተዉት፤ ቡና የሚበቅልበት አገር መሆኑን ጨምረው ይንገሩ፤ ይህ በኋላ ለሚመጣው ነገር በር ይከፍታል።

ከተማው ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ማግኘትዎ አይቀርም። ከኢትዮጵያ የዘር ሐረግ ያላቸው የቡርጂ ነጋዴዎች በማርሳቢትና በሞያሌ ከቆዩ ብዙ ትውልድ ሆኗቸዋል፤ የኢትዮጵያ ታርጋ ያላቸው የጭነት መኪናዎችም ግቢው ውስጥ ቆመው ሊያገኙ ይችላሉ። ከእነርሱ ጋር ሰላም ይባባሉ፤ አስተዋውቁኝ ብለው ይጠይቋቸው፤ ነገር ግን ሙሉውን ምሽት ከአገርዎ ልጅ ጋር ስለ ዶላር ምንዛሪ ሲያወሩ ካመሹ ጂማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ቁጭ ብለው ያመሹት ያህል ነው።

4. እራት

እራት ወደ ክፍል አያስመጡ። የጋራ ገበታ ካለ እዚያ፣ ከሌለም ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ ይቀመጡ፤ ከጎንዎ አንድ ባዶ ወንበር እንዲኖር ያድርጉ። ስልክዎን ኪስ ውስጥ ይክተቱ።

ምግቡን በሚመለከት ጂማ ውስጥ እርስ በርሳችን የምንጠነቀቅባቸው ነገሮች እዚያም አብረውን ይሄዳሉ። ሙስሊም ከሆኑ በማርሳቢት ሐላል ሥጋ ማግኘት አያስቸግርዎትም። ኦርቶዶክስ ከሆኑና የቢላው ነገር ካስጨነቀዎት ወይም ረቡዕና ዓርብ ከገጠመዎት ባቄላና በቆሎ አብሮ የሚቀቀልበትን ጊዜሪ፣ ወይም ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራውን ገንፎ መሰል ኡጋሊ ከሱኩማ ዊኪ ጎመን ጋር ማዘዝ ይችላሉ። ሻይ ሲጠይቁ ግን ይጠንቀቁ፤ ኬንያ ውስጥ «ቻይ» ብለው ካዘዙ የሚመጣልዎት ወተትና ውኃ አብሮ የፈላበት ነው፤ ያለ ወተት የሚፈልጉ «ቻይ ያ ራንጊ» ይበሉ። ጾምዎን ለማስረዳት አይፈሩ፤ ለምን እንደማይበሉ የሚነሣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ወደ ረመዳን፣ ወደ ዐቢይ ጾም፣ ወደ ልጅነት ገበታ ይወስዳል።

ጉርሻን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ኡጋሊ በእጅ ቢበላም ሌላውን ሰው ማጉረስ የተለመደ አይደለም፤ ያላሰበ ሰው አፍ ላይ እጅ መዘርጋት ሳቅ ሊያስከትል ይችላል፣ መሸማቀቅም ሊያስከትል ይችላል። ስለ ጉርሻ በጨዋታ ማውራትና ፈቅዶ «እስቲ አሳየኝ» የሚል ሰው ሲመጣ ማሳየት የተሻለ ነው። ሒሳብ ሲመጣም የእኛን «አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው» የሚል ትግል ይቀንሱት። ሌላው ከከፈለ አመስግነው ይቀበሉና የነገውን ቁርስ ሻይ እርስዎ ይያዙ፤ በዚህ ሰበብ ጠዋትም ትገናኛላችሁ።

ስለ ሰዓት አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ሞጃ አሱቡሂ» ያልዎት ሰው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ማለቱ ነው። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ግን «ሰቨን» ይላል። ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ቋንቋ እየተነጋገሩ እንደሆነ ልብ ይበሉ፤ በስዋሂሊ ከተነጋገሩ ምንም ማስላት አያስፈልግዎትም፤ ሁለቱ አገሮች አንድ የሰዓት ቀጠና ላይ ስለሆኑ የሚደመርም የሚቀነስም የለም።

5. ስለ ምን እንነጋገር

ከሁሉ የሚቀለው ሩጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ የቀደመበትን ፍጻሜ በተወሰነ ዕድሜ ላይ ያለ ኬንያዊ ሁሉ ያስታውሰዋል። ታሪኩን እርስዎ ከጀመሩት ግን እንዲጨርሰው ለእርሱ ይተዉለት፤ ወዲያውም ስለ ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ሁለት የኦሊምፒክ ማራቶን ወርቆች ይጠይቁት። እንግዳ ሆኖ በሰው ግቢ ክርክር ማሸነፍ ምንም አይጠቅምም። እግር ኳስ ከተነሣ ወሬው እንግሊዝ አገር መግባቱ አይቀርም፤ ጂማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ዋንጫ ማንሣቱን ለመንገር የሚገኘው ቀዳዳ ጠባብ ቢሆንም እኔ ብሆን አላልፈውም።

ሁለተኛው የአገሩ የራሱ ታሪክ ነው። በማርሳቢት ደን ውስጥ ይኖር የነበረው አሕመድ የተባለው ዝሆን ጥርሱ እጅግ ረጅም ስለነበር አዳኞች እንዳይገድሉት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ እ.ኤ.አ. በ1970 በአዋጅ ጥበቃ አድርገውለት ነበር፤ የሞተው በ1974 ነው። ስለ አሕመድ የሚጠይቅ የውጭ እንግዳ ከተማውን ማደሪያ ብቻ አድርጎ እንዳላየው ይታወቅለታል። በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ስላለው ፓራዳይዝ ስለተባለው ሐይቅና እየተዘፈነ ውኃ ስለሚቀዳባቸው ጥልቅ ጉድጓዶች መጠየቅም እንዲሁ ነው። የመጨረሻው ዝናብ መቼ እንደዘነበ መጠየቅ ደግሞ አርብቶ አደር አገር ውስጥ ተራ ወሬ ሳይሆን ዋና ጉዳይ ነው።

የማይጠየቁም አሉ። «ስንት ከብት አለህ?» ማለት የሰውን የባንክ ደብተር እንደማየት ይቆጠራል። ጎሣን፣ ምርጫን እና በአካባቢው የደረሱ ግጭቶችን እርስዎ አያንሡ፤ እነርሱ ካነሡም ያዳምጡ እንጂ አይፍረዱ። የራስዎን አገር ፖለቲካ በተመለከተ አጭር መልስ ሰጥተው ወደ ሌላ ማለፍ ማንንም አያስቀይምም።

6. ቡናው

ቡናው የሚወጣው ሰዎቹ ስምዎን ካወቁ በኋላ ነው እንጂ ሲደርሱ አይደለም። ቀድሞ የወጣ ቡና የሻጭ ነገር ይመስላል። እራት ተበልቶ ሲያበቃ ወይም ሌሊቱ ብርድ ከሆነ ጠዋት፣ ባለቤቲቱን ወይም ወጥ ሠሪዋን ፈቃድ ይጠይቁ፤ የሚጠይቁት ጂኮ የሚሉትን የከሰል ምድጃ እና አንድ ጥግ ነው። ክፍል ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አያስገቡ፤ ጭሱ ይገድላል።

ቡናው የተፈጨ ስለሆነ የመቁላቱ ሽታ ይቀራል፤ በምትኩ ጀበናው ሲንተከተክ ሰው እንዲያይ ግቢው መሐል ያድርጉት። አጠገብዎ የቆመ ልጅ ወይም ወጣት ካለ ሲኒዎቹን እንዲያጥብ ይጋብዙት፤ የሥራ ድርሻ የያዘ ሰው ተመልካች መሆኑ ይቀራል። ሲቀዱ ለታላቅ ያስቀድሙ፤ ከማን መጀመር እንዳለብዎ ካላወቁ ዘበኛውን ይጠይቁት። ቦረናዎች ቡናን ፍሬውን በቅቤ ጠብሰው የሚያቀርቡበት ቡና ቀላ የሚባል የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው፣ አሳዩኝ ብሎ መጠየቅ የእኛን ከማሳየት ይበልጥ ያቀራርባል። ወተት ወይም ብዙ ስኳር የሚጨምር ሰው ካለ «ቡና እንዲህ አይጠጣም» አይበሉ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው ሦስቱንም ለማድረስ አይሟገቱ። ነገ ማለዳ የሚነሣ ሹፌር ከአቦል በኋላ ተነሥቶ ቢሄድ አልተጣሉም። ከሦስተኛው ድረስ የሚቆዩት ሰዎች ግን ቁጥራቸውን ሊወስዱ የሚገባዎት ናቸው።

7. ጥንቃቄ

የክፍልዎን ቁጥርና የያዙትን የገንዘብ መጠን ለማንም አይንገሩ። የተከፈተ መጠጥ ጥለው አይሂዱ። «ናይሮቢ ለዘመዴ አድርስልኝ» የሚባል ጥቅል፣ የሰጪው ፊት ምንም ያህል የተባረከ ቢመስል፣ አይቀበሉ፤ በመንገዱ ላይ የፖሊስ ፍተሻ ስላለ መኪናው ውስጥ የተገኘው ሁሉ የሚጠየቀው ከሹፌሩ ነው። በኤም ፔሳ ገንዘብ ላክልኝ ወይም ልላክልህ የሚል ነገር በመጀመሪያው ምሽት ከመጣ ጨዋታውን በትህትና ይዝጉ። ፎቶ ከማንሣትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በተለይ ሴቶችንና ሽማግሌዎችን፤ ፖሊስና ወታደር ባለበት ደግሞ ካሜራውን አያውጡ። ምሽቱ ሲገፋ ከግቢ ወጥቶ ሌላ ቤት ለመቀጠል የሚቀርብ ግብዣ ቢኖር በመንገድ ደክሜያለሁ ብሎ መቅረት ይቻላል፤ እውነትም ነው።

8. ጠዋትና ከዚያ ወዲያ

ሲነሡ ሒሳብ ከፍለው ብቻ አይውጡ፤ ለመሰናበት ሩብ ሰዓት ይተዉ። ያልተከፈተ አንድ የቡና ከረጢት ለወጥ ቤቷ፣ አንድ ለአስካሪው ይስጡ፤ ፎቶ አብራችሁ ተነሡና እዚያው ቆመው በዋትስአፕ ይላኩ። እልካለሁ ተብሎ የቀረ ፎቶ ብዙ ነው። ስሙን ስልክዎ ላይ ሲመዘግቡ «ማርሳቢት፣ መካኒኩ» ወይም «ማርሳቢት፣ መምህሯ» እያሉ መለያ ይጨምሩበት፤ ናይሮቢ ገብተው ሌላ ብዙ ሰው ሲያገኙ ስሞቹ ይደባለቃሉ።

ኢሲዮሎ ወይም ናይሮቢ በሰላም ሲደርሱ አንድ አጭር መልእክት ይላኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ «እንደምን አደርክ» መላክ አያስፈልግም፤ ለዒድ፣ ለገና፣ ዝናብ ዘነበ ሲባል መጻፍ ይበቃል። ሲመለሱ በዚያው መንገድ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀን ቀደም ብለው ያሳውቁ፤ ባዶ እጅዎን እንዳይመጡ ከናይሮቢ የሚፈልጉት ነገር እንዳለም ይጠይቁ።

«ወደ ጂማ ና» ብለው የሚጋብዙ ከሆነ ሊያስተናግዱት የሚችሉትን ያህል ይጋብዙ፤ ወሩንም ይንገሩት። ቡና የሚለቀምበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለእንግዳ የሚታይ ነገር የሞላበት ነው፤ ሐሙስ ከዋለ ገበያውን፣ በሌላው ቀን ጅሬንን ያሳዩታል። ቁጥርዎን ሲሰጡት በ09 የሚጀምረውን እንዳለ አይስጡት፤ ከኬንያ የሚደውል ሰው ዜሮውን ትቶ +251 ማስቀደም አለበት፤ የእርሱንም ሲመዘግቡ እንዲሁ በ+254 ይጻፉት።